ጨለማን ከጨለማ መለየት

መለየት ከሰው ልጅ የአእምሮ ተግባራት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ሕፃን ማወቅን የሚጀምረው የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ በመለየት ነው፤ ገበሬ ስንዴን ከእንክርዳድ፣ ሐኪም በሽታን ከበሽታ፣ ዳኛ ጥፋተኛን ከንጹሕ ለይቶ ሥራውን ይሠራል። ይሁንና ነጭን ከጥቁር፣ ብርሃንን ከጨለማ መለየት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። የሰውን አስተዋይነትና ፍትሐዊነት አጥብቆ የሚፈትነው ተቀራራቢውን ከተቀራራቢው፣ ጨለማውንም ከጨለማው ለይቶ ማየት ነው። ይህ ጥያቄ በኪነ ጥበብ ዓለም ጎልቶ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ በብዙ ሰው ዘንድ ከጩኸት የማይቆጠር የሙዚቃ ዓይነት ነው። እሱም ሄቪ ሜታል በሚል ስም የሚታወቀው ነው፤ በተለይም ሞትን፣ ሐዘንን፣ ክፋትንና ባዶነትን ዐቢይ ጭብጡ ያደረገው ጨለማው ወገን።

ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ የሆነ ጆሮ ሁሉንም አንድ አድርጎ ይሰማዋል። የሚያንባርቅ ጊታር፣ የሚደበደብ ከበሮ፣ የሚጮህ ሰው፣ ጥቁር ልብስ፤ በቃ ይህ ነው። ወዳጁ ግን ዱም ሜታልን ከዴዝ ሜታል፣ ዴዝ ሜታልን ከብላክ ሜታል፣ ከእነዚህም የተወለዱትን ቅይጦች አንድ በአንድ ለይቶ ይዘረዝራል፤ አንዱን በሌላው ስም የጠራበትን ሰው እንደ ነውረኛ የሚቆጥርበትም ጊዜ አለ። አንደኛው በደምሳሳው ይፈርዳል፤ ሌላኛው በፀጉር ስንጠቃ ይጣላል። ታዲያ እውነቱ ከማን ዘንድ ነው? እንዲህ ያለው መለየት የጣዕም ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ የፍትሕም ጉዳይ ነው?

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት አስቀድሞ ነገሩን ከምንጩ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሙዚቃ የተፀነሰው በእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለውን ቡድን የመሠረቱት አራት ወጣቶች፣ ማለትም ቶኒ አዮሚ፣ ኦዚ ኦዝቦርን፣ ጊዘር በትለርና ቢል ዋርድ፣ አስተን በሚባለው የሠራተኞች ሠፈር ያደጉ ናቸው። አዮሚ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በሚሠራበት የብረት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጁ ነበር። ተስፋ አልቆረጠም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክሮችም መረጠ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው ሸክላ ደግሞ የጊታሩን ቅኝት ከተለመደው በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገ። ክሩ ሲላላ ጣቱ ዕረፍት አገኘ፤ ድምፁም ወፈረ፣ ጠቆረም። እንግዲህ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሰማው የዚያ ከባድ ድምፅ አንዱ ምንጭ የአንድ ወጣት ሠራተኛ የቆሰለ እጅ ነው።

የቡድኑ የመጀመሪያ ሸክላ የወጣው በየካቲት 1970 ነው። የመክፈቻው ዘፈን ዝግ ባለ ምት የሚጓዝ ሲሆን፣ በሦስት ሙሉ ድምፅ በሚራራቁ ሁለት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ነው። የአውሮፓ የሙዚቃ ሊቃውንት ይህን ርቀት ለጆሮ የሚጎረብጥ በመሆኑ «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» የሚል ስም ሰጥተውት ነበር። ከዚህ የተነሣ ቡድኑ የሰይጣን አወዳሽ ተደርጎ ተወራበት። ግጥሞቹን ልብ ብሎ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። «ዋር ፒግስ» የተሰኘው የ1970 ዘፈን ድሀውን ወደ እሳት ልከው ራሳቸው ከሩቅ የሚመለከቱ የጦርነት ጫሪዎችን ያወግዛል፤ በ1971 የወጣውና በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገው በትለር የጻፈው «አፍተር ፎሬቨር» ደግሞ ስለ እምነት የሚሟገት ነው። የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ይገኛል፦ የልብሱ ቀለምና የቃሉ ትርጉም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ከዚህ ግንድ በየጊዜው ቅርንጫፎች በቀሉ። ዝግታውን የወረሰው ወገን ዱም ሜታል ተባለ፤ ዱም ማለት የማይቀር መዓት ማለት ነው። የስዊድኑ ካንድልማስ በ1986 ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላው ይህንኑ ቃል የላቲን መልክ ሰጥቶ ርእሱ ውስጥ አስገብቶታል። በዱም ሜታል አንድ የጊታር ምት ተመትቶ እስኪሞት ድረስ ይጠበቃል፤ ከበሮው እንደ ቀብር ሸኚ እግሩን እየጎተተ ይራመዳል፤ በቀደመው መልኩ ድምፃዊው አይጮህም፣ በግልጽ ያዜማል። የሐዘንተኛ ሙዚቃ ነው።

ዴዝ ሜታል፣ ማለትም የሞት ሜታል፣ ሌላ መንገድ ያዘ። የካሊፎርንያው ፖሰስድ በ1985 ባወጣው ሸክላ ውስጥ በዚህ ስም የተጠራ ዘፈን አለ፤ በፍሎሪዳ ደግሞ በቸክ ሹልዲነር የሚመራው ዴዝ የተባለ ቡድን በ1987 የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። እዚህ ላይ ምቱ ፈጣን ነው፤ ግን በድንገት ይሰበራል፣ ይዞራል፣ ይለዋወጣል። ጊታሩ ዝቅ ብሎ ይቃኛል፤ የድምፃዊው ድምፅ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ጉርምርምታ በመሆኑ ቃሉን ለመስማት ይቸግራል። የግጥሙ ጉዳይ በመጀመሪያ ሥጋ ነበር፦ መበስበስ፣ መቆራረጥ፣ አስከሬን። ደራሲው በሞተው ላይ አያለቅስም፤ ሬሳ እንደሚመረምር ሐኪም ገልጦ ያያል። ሹልዲነር ራሱ በ1991 «ሂውማን» በተባለው ሥራው ከሥጋው ወደ ሰው ልጅ ውስጣዊ ጥያቄ ማለፉን አሳይቷል፤ በ2001 ገና በ34 ዓመቱ በአንጎል ዕጢ ምክንያት እስካረፈበት ጊዜም በዚሁ ጎዳና ገፍቷል።

ሦስተኛው ብላክ ሜታል፣ ጥቁሩ ሜታል ነው። ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያገኘው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ነው። በዚህ ጊዜ ድምፁ ከጉሮሮ ሥር ለቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቃ የተቀላቀለበት ቀጭን ጩኸት ይሆናል። ጊታረኛው ክሩን ያለማቋረጥ እየነዘረ ይመታል፤ ከበሮው ይጋልባል። ነገር ግን ፍጥነቱ ከመብዛቱ የተነሣ ሙዚቃው ቦታውን ሳይለቅ እንደሚሽከረከር የበረዶ ውሽንፍር ይሰማል። አቀራረጹ ሆን ተብሎ ሻካራና ቀጭን ይደረጋል። ግጥሙ ክርስትናን ይቃወማል፤ ወይም የጥንቱን አረማዊ ዘመን፣ ክረምቱን፣ ጫካውንና ብቸኝነትን ያነሣል። እዚህ ላይ ደራሲው አያዝንም፣ አይመረምርምም፤ ወገን ይይዛል፣ አቋሙን ያውጃል።

ስለዚህ ሦስቱን የሚለያቸው የምት ፍጥነትና የጉሮሮ አወጣጥ ብቻ አይደለም። አንዱ በጨለማው ሥር ሆኖ ያለቅሳል፤ አንዱ ጨለማውን ይገልጣል፤ አንዱ በጨለማው ስም ይናገራል። የአገራችንን ባህል የማያውቅ እንግዳ በድሮ ጊዜ ከአንድ የጀግና ለቅሶ ላይ ቢደርስ ሙሾውንም ፉከራውንም ጩኸት ብሎ ባለፈው ነበር። ሙሾ አውራጇ ግን ሟቹን ታነሣለች፤ ፎካሪው ጀብዱን ይቆጥራል። የቆሙበት ሜዳ አንድ ሆኖ ሳለ የሚያደርጉት ነገር የተለያየ መሆኑን የአገሩ ሰው ያውቃል። ጆሮ የሚሰለጥነው እንግዲህ ድምፁን ከመስማት አልፎ፣ በድምፁ ምን እየተደረገ እንዳለ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ ቢቆም ቀላል በሆነ ነበር። አንደኛ፣ ስምና ነገር ሁልጊዜ አብረው አይወለዱም። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይባላል፤ ብላክ ሜታል የሚለው ስም የወጣው ቬነም በተባለው የኒውካስል ቡድን ቤት ሲሆን፣ የ1982 ሸክላው መጠሪያ ነበር። ሆኖም የዚያ ሸክላ ድምፅ ኖርዌያውያኑ ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚሁ ስም ከጠሩት ድምፅ እጅግ የራቀ ነው። ጎረቤቱ ስሙን ተቀብሎ ሌላ ልጅ ሰየመበት። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ታስሮ አይቀርም። የኖርዌዩ ዳርክስሮን በ1991 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ዴዝ ሜታል ነበር፤ በ1992 ያወጣው ሁለተኛው ግን ከብላክ ሜታል መሠረተኛ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ በድንበሩ ላይ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። በሰሜን እንግሊዝ ፓራዳይዝ ሎስት የዴዝ ሜታልን ጉርምርምታ ከዱም ሜታል ዝግታ ጋር ካጋባ በኋላ፣ በ1991 «ጎቲክ» ባለው ሥራው የሴት ድምፅ ጨምሮበት ለሌላ ቅርንጫፍ ስም አበረከተ፤ የብራድፎርዱ ማይ ዳይንግ ብራይድ ቫዮሊን አስገባበት። በፊንላንድ ተርጎቶን በ1994፣ ስኬፕቲሲዝም ደግሞ በ1995 ዝግታውን እስከ መጨረሻው አድርሰው ፊውነራል ዱም፣ ማለትም የቀብር ዱም፣ የሚባለውን ዘርፍ መሠረቱ፤ የኋለኛው ሙዚቃውን በኦርጋን ድምፅ ላይ አቆመው።

ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ሰው «ስሙ ሁሉ የነጋዴና የጋዜጠኛ ፈጠራ ነው፤ እውነተኛ ልዩነት የለም» ይላል። ይህ አስተያየት ጥበብ ቢመስልም ስንፍና አለበት። ቀኑ መሽቶ ሌሊት የሆነባትን ደቂቃ በትክክል የሚያመለክት ሰው የለም፤ ቀንና ሌሊት አንድ ናቸው የሚልም የለም። የድንበሩ መደብዘዝ የልዩነቱን አለመኖር አያረጋግጥም። ስሙ ለነገሩ አገልጋይ ነው፤ አገልጋይነቱን ትቶ ጌታ ልሁን ሲል ብቻ ነው የሚያጣላው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የይዘትና የቅርጽ ጥያቄ ነው። ብላክ ሜታል የድምፅ ስም ነውን ወይስ የእምነት? በ1994 ሆርድ በሚል ስም በአውስትራልያ የተሠራ አንድ ሸክላ ወጣ። ጩኸቱ፣ የከበሮው ግልቢያ፣ የአቀራረጹ ሻካራነት ሁሉ የኖርዌዩ ነው፤ ግጥሙ ግን ክርስቶስን የሚያመሰግን ነበር። በሌላ በኩል ያንኑ ድምፅ ይዘው የናዚዎችን የዘር ጥላቻ የሚሰብኩ ቡድኖች ተነሡ። እነዚህን ሁሉ አንድ ጆሮ በአንድ ጊዜ ቢሰማቸው ቃላቸው በጩኸቱ ስለሚሸፈን ለመለየት ይቸገራል። አንዱ ይጸልያል፤ አንዱ ስለ ጫካና ስለ በረዶ ይተርካል፤ አንዱ የጥቁርን፣ የአይሁድንና የስደተኛን መጥፋት ይመኛል። እንግዲህ በቅርጹ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሦስቱን ወይ አብሮ ይኮንናቸዋል፣ ወይ አብሮ ያጸድቃቸዋል። በሁለቱም ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የጣዕም ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በደምሳሳው መፍረድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታሪክ ምስክር ነው። በ1985 በአሜሪካ አንድ የወላጆች ቡድን ጎጂ ናቸው ያላቸውን 15 ዘፈኖች ዘርዝሮ አቅርቦ ጉዳዩ እስከ ሴኔት ደርሷል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ቬነምና ብላክ ሳባዝ ከማዶናና ከሲንዲ ላውፐር ጎን ተሰልፈው ነበር። ያ ያስከተለው በሸክላው ልባስ ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት መለጠፍን ነው። በ1993 በአርካንሳስ ግዛት፣ በዌስት ሜምፊስ፣ ሦስት ሕፃናት ተገድለው በተገኙ ጊዜ ግን ዋጋው ከዚህ ከበደ። ዐቃቤ ሕግ ግድያውን የሰይጣን አምልኮ ሥርዓት አድርጎ አቀረበ፤ ብቸኛው ማስረጃ ባይሆንም፣ ጥቁር ልብስና ሄቪ ሜታል ማዳመጥ በችሎት ፊት ተነሥተው ከማስረጃ ተቆጠሩ። በ1994 ከሦስቱ ወጣቶች በአንዱ ላይ የሞት፣ በሁለቱ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ንጹሕ መሆናቸውን እየተናገሩ በልዩ የሕግ ስምምነት ከእስር የወጡት በ2011 ነው፤ 18 ዓመታት ካለፉ በኋላ። በአህጉራችንም በግብፅ በ1997 ወደ መቶ የሚጠጉ ወጣቶች ሰይጣንን ያመልካሉ ተብለው ተይዘዋል። በ2003 ደግሞ በካዛብላንካ 14 የሜታል ሙዚቀኞችና ወዳጆች ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው፣ ኋላ በይግባኝ የአብዛኞቹ ፍርድ ተሽሯል። ጥቁር ካናቴራ የለበሰ ሁሉ አንድ፣ የሚጮህ ሁሉ አንድ፣ አንዱም ሁሉም ጥፋተኛ፤ የጅምላ ፍርድ አካሄዱ ይህ ነው። «እሳት ከሌለ ጭስ የለም» የሚለው ሰው የበረዶ ጉምንም ጭስ ብሎ ይከስሳል።

ይሁን እንጂ የሚዛኑን ሌላ ወገን አለማየት ደግሞ ሌላ ግፍ ይሆናል። በኖርዌይ እሳቱ እውነተኛ እሳት ነበር። በሰኔ 1992 በበርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በዚያው ዓመት የኤምፐረር ከበሮ መቺ በሊልሃመር ከተማ አንድ ሰው በስለት ወግቶ ገደለ። በነሐሴ 1993 የቡርዙሙ ቫርግ ቪከርነስ የሜይሄሙን ጊታረኛ ኦይስታይን ኦርሴትን ገደለ፤ በ1994ም በግድያና በአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ 21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የሙዚቃው ወዳጅ ይህ ሲነሣበት «ያ የሰዎቹ ሥራ ነው እንጂ የሙዚቃው አይደለም» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ሺዎች ያንኑ ሙዚቃ ተጫውተው ክብሪት አልጫሩም። ነገር ግን ከዚያ ክበብ መካከል አንዳንዶች ድርጊቱን የሙዚቃው እውነተኛነት ማረጋገጫ አድርገውት ነበር። «እውነተኛው» እና «ሐሰተኛው» ብላክ ሜታል የሚለው ክፍፍል የተጠናከረው በዚህ ጊዜ ነው። ስሙ አንድን የአሠራር ስልት መግለጹ ቀርቶ የማኅበር መሐላ ሆነ፤ ማን ከውስጥ እንደሆነ፣ ማንስ ከውጭ እንደሆነ መፈተኛ ሆነ። አንድ ስም ሰውን በሥራው ጥራት ሳይሆን በጭካኔው መጠን መመዘን ሲጀምር፣ መለየት የሚባለው ነገር የማስተዋል መሣሪያነቱን ያጣል።

ስለዚህ ከመለየት የሚመጡ ሁለት አደጋዎች፣ ካለመለየትም የሚመጣ አንድ አደጋ አለ። ያልለየ ሰው ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያስራል። ለይቶ በመለየቱ የሚመካ ሰው ደግሞ ስሙን አጥር አድርጎ ሌላውን ያገልላል። ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው፦ በልዩነቱ ብዛት ተከልሎ ፍርድን ያመልጣል። «እኔ የማዳምጠው ዜማውን ነው፤ ቃሉ አያገባኝም» እያለ የሰው ዘር ጥላቻ የሚሰበክበትን ሥራ ገዝቶ፣ የሰባኪውን ኪስ ይሞላል። ጆሮው የሠለጠነ ሕሊናው ያልሠለጠነ ሰው ይህ ነው።

ከእነዚህ ወጥመዶች ለመዳን ሦስት ጥያቄዎችን ሳያደባልቁ በየተራ መጠየቅ ያሻል። የመጀመሪያው «የሚሰማው ምንድን ነው?» የሚል ነው፤ ይህ የጆሮ ጥያቄ ሲሆን፣ ዱሙን ከዴዙ፣ ዴዙን ከብላኩ የሚለየው እሱ ነው። ሁለተኛው «የሚባለው ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ይህ የቃልና የትርጉም ጥያቄ ነው፤ የጦርነትን ጫሪ የሚያወግዘውን፣ የሚያለቅሰውንና ጥላቻ የሚዘራውን ይለያል። ሦስተኛው «የተደረገው ምንድን ነው? ያደረገውስ ማን ነው?» የሚለው ነው፤ ይህ የድርጊት ጥያቄ በመሆኑ በስም ለሚታወቅ ሰው እንጂ ለሙዚቃ ዘርፍ አይቀርብም። ያቃጠለ ስለ ማቃጠሉ፣ የጻፈ ስለ ጻፈው ይጠየቃል። ዘርፉ ግን የመንገድ ስም ነው፤ በመንገዱ ላይ ቀማኛም መንገደኛም ያልፋል፤ ስለ ቀማኛው ተብሎ መንገደኛው ሁሉ አይታሰርም፣ ስለ መንገደኛውም ተብሎ ቀማኛው አይማርም።

ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን የዘለለ ሰው ሁለቱን በትክክል ሊመልስ አይችልም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ለዚህ ነው። ዌስት ሜምፊስም ካዛብላንካም የሆነው መጠምጠሙ መማሩን ስለ ቀደመ ነው። ይህን ማለት ሁሉም ሰው ይህን ሙዚቃ ይውደድ ማለት አይደለም። ያልወደዱትንም ነገር በትክክለኛ ስሙ መጥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ፍትሐዊነት የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ወዳጅን ከወዳጅ ለይቶ ማወቅ ፍቅር ያስተምረዋል፤ የማይወዱትን ከማይወዱት ለይቶ ማወቅ ግን ኅሊናን ይጠይቃል። በተለይም ቃላቸው በሌላው ሕይወት ላይ ክብደት ያለው ሰዎች፣ ማለትም መምህሩ፣ ባለሥልጣኑ፣ ዳኛውና ሐያሲው፣ «ይህ ሁሉ አንድ ነው» ከማለታቸው በፊት ቁጭ ብለው የማዳመጥ ግዴታ አለባቸው።

በሐምሌ 2025 መጀመሪያ አራቱ የብላክ ሳባዝ መሥራቾች ባደጉበት ሠፈር፣ በአስተን በሚገኘው የእግር ኳስ ሜዳ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ገቢው የታመሙ ሕፃናትን ለሚያክሙና ለሚንከባከቡ ተቋማት፣ እንዲሁም ለፓርኪንሰን በሽታ ምርምር እንዲውል ተደረገ። አዮሚ ያንኑ ቆብ የለበሱ ጣቶቹን በክሩ ላይ አሳረፈ፤ ኦዝቦርን በሕመም ምክንያት መቆም ስላልቻለ ዙፋን በመሰለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከ17 ቀናት በኋላም አረፈ። ከሃምሳ አምስት ዓመት በፊት የዲያብሎስ ድምፅ የተባለው ያው ድምፅ፣ ያው ዝግታ፣ ያው ጥቁር ልብስ በዚያ ዕለት በሜዳው ላይ ነበር። ድምፁ አልተለወጠም። የሰሙት ሰዎች ግን ምን እንደሚሰሙ ያውቁ ነበር።